መቀሱን ከማንሳቴ በፊት

ይድረስ ለእታለም፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይቅር በይኝ። ለእማማ ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በምን ፊቴ ልደውል እያልኩ ይኸው ዓመቱ ዞረ። ስንገናኝ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናወራዋለን። ዛሬ ግን የሚያስቸኩል ነገር ገጠመኝ። ታናሽሽ ለሰርጓ የምትለብሺውን ጨርቅ ከነፎቶው አምጥታልኛለች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ መቀስ ግን አላነሳሁም። የመረጥሽው ቅርጽ ለዚህ ጨርቅ አይሆንም፣ እታለም።

ፎቶው ላይ ያለው ሜርሜድ የሚሉት ነው፤ እስከ ጉልበት ተጣብቆ ከዚያ በታች የሚዘረጋው። በልጅቱ ላይ ያማረው ጨርቁ የሚሳብ ስለሆነ ነው። ያንቺ የእጅ ሽመና ነው፤ አይሳብም። ሰው ሲቀመጥ ዳሌው ቆሞ ከተለካው ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ጨርቁ አብሮ ካልሰፋ ጭነቱ ሁሉ ስፌቱ ላይ ያርፋል። ሸማ ደግሞ ሳሳ ያለ ስለሆነ ክሩ ከስፌቱ አጠገብ ይሸሻል። ስፌቱ ሳይተረተር ጨርቁ ወንፊት ይሆናል፤ ያ ከሆነ በኋላ የሚጠገን ነገር የለውም። በዚያ ላይ የሰርጉ ዕለት ፋሲል ግቢ ለፎቶ መሄዳችሁ አይቀርም። ጉልበትሽ ታስሮ ያን የድንጋይ ደረጃ እንዴት ትወጪዋለሽ?

ጥለቱም አለ። የታችኛው ጥለት ቀጥ ብሎ የተሸመነ ነው። ከላይ ጠቦ ከታች የሚሰፋ ቀሚስ፣ ኤ ላይንም ቢሆን፣ ጫፉ ክብ ተደርጎ መቆረጥ አለበት። ቀጥ ያለ ጥለት ክብ ጫፍ ላይ በግድ ሲሰፋ ይጨማደዳል፤ ጫፉ ቀጥ ብሎ ከተተወ ደግሞ ጎንና ጎኑ ሾጥጦ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ብዙ ሰው ጥፋቱን የሰፊው ያደርገዋል፤ ከመጀመሪያው የተሳተው ግን ቅርጹ ነው።

እኔ የማስበው ይኸን ነው። ከላይ ወገብሽን የሚይዝ፣ ከታች ባለ ሽንሽን። ስፋቱን ከሽንሽኑ ስለምናገኘው ጥለቱ ቀጥ እንዳለ ይቀራል። ሽንሽን ሆድ ያወጣል ብለሽ እንደምትሟገቺኝ አውቃለሁ፤ አንቺ ያልተሟገትሽበት ቀሚስ መች ነበር? የሚያወጣው ከወገቡ ጀምሮ ሲፈታ ነው። ከወገብ በታች 10 ሳንቲ ሜትር ያህል በስፌት ተይዞ ከዚያ ከተለቀቀ ሆድ ላይ ጠፍጣፋ ይተኛል፤ ዳሌ ላይም አይቆለልም። የታችኛው ዙር 2 ሜትር ከ20 ይበቃሻል። ከዚያ ሲበልጥ ሸማው ከነጥለቱ ከብዶ ወገቡን ወደ ታች ይጎትተዋል።

የላይኛው ገላሽ አጭር፣ እግርሽ ረጅም ነው። ስለዚህ ሰፊ መቀነት ይቅርብሽ፤ ከደረት እስከ ወገብ ያለችውን ትንሽ ቦታ ይውጣታል። የወገቡን ስፌት 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደርገዋለሁ። የፊቱ ጥለት ከአንገት ተነስቶ ወገብ ላይ ሳይቋረጥ እስከ ታች ይውረድ፤ ዓይን አብሮት ስለሚወርድ ቁመት ይሰጥሻል። ታናሽሽ ያመጣችው 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ጥለት ደረቅ ነው፤ ያን ያህል ከሰፋ የጡት ጉብታ ላይ አይተኛም፣ ይነሳል። ግራና ቀኙን ወደ ውስጥ አጥፌ 9 አደርገዋለሁ።

እጅጌው ረጅም ይሁን፤ የጥር ማታ ጎንደር እንዴት እንደሚበርድ አንቺን ማን ይነግርሻል። ብብቱ ላይ ግን እመኚኝ። ሁሉም ሰው «ለእስክስታ እንዲመቸኝ ብብቱን አስፊልኝ» ይላል፤ እኔ አጠብቀዋለሁ። ብብቱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ክንድ ሲነሳ ቀሚሱን በሙሉ ይዞት ይነሳል፤ ወገቡ ደረት ላይ ይወጣል። ወደ ላይ ተጠግቶ ሲቆረጥ ክንዱ ብቻውን ይንቀሳቀሳል፤ እጅጌው ራሱ ከላይ ትንሽ ሰፋ ይላል። ገበሩን ከላዩ ጨርቅ 2 ሳንቲ ሜትር አጥብቤ እቆርጣለሁ፤ ጭነቱን እሱ ይሸከም፣ ሸማው ይረፍ።

አሁን የፈራሁትን ልበልሽ። ደብተሬ ላይ ያለው የድሮ ልኬትሽ ነው። ከእማማ በኋላ ከስተሻል ይሉኛል። በዚያ ልኬት አልቆርጥም። እንደ አዲስ ተለኪልኝ፤ ሌላ ሰው ይለካሽ እንጂ ራስሽን አትለኪ፤ ጎንበስ ስትዪ ልኬቱ ይለወጣል። የዚያን ቀን የምታደርጊውን ጡት መያዣና ጫማ አድርጊ። መጀመሪያ ወገብሽ ላይ ክር እሰሪና ወደ ጎን ዘንበል በዪ፤ ክሩ ሄዶ የሚያርፍበት ቦታ ወገብሽ ነው። ከዚያ የደረትሽን፣ የወገብሽንና የዳሌሽን ዙር፣ ዳሌው በጣም የሚሰፋበት ላይ። የትከሻሽን ስፋት፣ የክንድሽን ቁመትና የክንድሽን ዙር። ከአንገትሽ ሥር ጉድጓድ እስከ ክሩ። ከክሩ እስከ መሬት። ከመሬት 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደርገዋለሁ። የመጨረሻዋን በደንብ ለኪ፤ ጥለቱ ከታች ስለሆነ ቀሚሱ ቢረዝምብሽ ከታች አላሳጥረውም። ወገቡን ፈትቼ ሽንሽኑን እንደገና ልሠራ ነው ማለት ነው።

ጨርቁን ሳልቆርጥ ውሃ አሳልፈዋለሁ፤ አለበለዚያ መጀመሪያ ስታጥቢው ያጥርብሻል። በፊት ግን ጥለቱን ጥግ ላይ በእርጥብ ነጭ ጨርቅና በካውያ እሞክረዋለሁ። ወይን ጠጅ ክር ነው፤ ቀለሙን ከለቀቀ ነጩን ያበላሸዋል።

ወይን ጠጅ መምረጥሽ ደስ አለኝ። ጥቁሩን ማውለቅሽን ከሰው ነው የሰማሁት፤ ያን ቀን አጠገብሽ መሆን ነበረብኝ።

ልኬቱን እስከ ማክሰኞ ላኪልኝ፤ ረቡዕ ጠዋት እቆርጣለሁ። ከጥምቀት በፊት መጥተሽ አንዴ ብትሞክሪው፣ በስፒል ይዤ የቀረውን ላንቺው ገላ አስተካክለዋለሁ። ሜርሜዱ ካልሆነ ካልሽም ደውይልኝና ተሟገቺኝ። ድምፅሽን ልስማ።

ያንቺው እኅት፣
ከጎንደር