ሰማያዊውን ደብተር ልኬልሻለሁ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 9 ቀን

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ዘንድሮ ውርጩ ቀድሞ መጣ፤ ጠዋት ጠዋት የጓሮው ጎመን ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። አባትሽ ካፖርቱን ለብሶ ነው ቁርስ የሚበላው። ገብሱ ግን ደርሷል፣ በዚህ በኩል አታስቢ።

እሑድ ዕለት «እማዬ፣ ፌሎውሺፕ ለሚሉት የውጭ አገር የምርምር ሥልጠና ላመልክት ነው፣ ምን ትያለሽ?» ስትይኝ ዝም ያልሁት ከፍቶኝ አይደለም። በስልክ ተጀምሮ የሚያልቅ ነገር ስላልመሰለኝ ነው። መሄድና መቅረቱን ለአንቺ ትቼዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላሽ ነው፣ በሕፃናት ቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዝ የምታደርጊ ሬዚደንት ሐኪም ነሽ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይዘሽው የምትሄጂው የምርምር ጥያቄ የማን ነው?

ለምን እንደምጠይቅሽ ልንገርሽ። መንዝ ውስጥ በጤና ጣቢያ ስሠራ አንድ ክረምት ከውጭ የመጡ ተመራማሪዎች አስተርጓሚ ይዘው መጡና የማዋለጃ ክፍሉን መዝገብ ጠየቁ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሦስት ቀን ሙሉ በባትሪ ብርሃን የአምስት ዓመት መዝገብ ቆጠርሁላቸው። ቅጻቸው ላይ የእናትየው ዕድሜ አለ፣ የሕፃኑ ክብደት አለ፣ እናቲቱ ከቤቷ እስከ እኛ ስንት ሰዓት ተጓዘች የሚል ግን የለም። «ይህስ የት ይጻፋል?» ብዬ ጠየቅሁ። አስተርጓሚው ጠይቆልኝ ሲመለስ «በጥናቱ ውስጥ የለም» አለኝ። ውጤቱን እንልክላችኋለን ብለው ሄዱ። ይኸው ጡረታ ወጣሁ፣ ውጤቱ ገና መንገድ ላይ ነው።

በሳምንቱ ገበያ ወጥቼ ሰማያዊ ደብተር ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ሪፈር የጻፍሁለትን ሕፃን ሁሉ በዚያ ውስጥ አስፍሬያለሁ፦ በስንት ቀኑ መጣ፣ ስንት ሰዓት ተጓዘ፣ በምን ተጓዘ፣ ችግሩን መጀመሪያ ያየው ማን ነው፣ መጨረሻው ምን ሆነ። የመጨረሻው ዓምድ ብዙ ቦታ ባዶ ነው። አንቺ ሕፃን ሳለሽ «እማዬ የምትጽፈው ታሪክ» ትዪው ነበር።

ከእነዚያ ሁሉ አንዱን ብቻ ልንገርሽ። የአራት ቀን ልጅ ነበር። አባትየው በባና ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፎት፣ አራስዋ በበቅሎ ከኋላ ሆና፣ ከቆላው ገደል ሥር ሌሊቱን ሲወጡ አድረው ጠዋት ደረሱ። ሕፃኑ የሚያስመልሰው አረንጓዴ ነው፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ሙቀቱን ልለካ ጨርቁን ገልጬ ቴርሞሜትሩን ሳቀርብ መግቢያ የለውም። ፊንጢጣው ሳይከፈት ነው የተወለደው። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ልጁ ቤት አለመወለዱ ነው። ባለሙያ እጅ ላይ ነው የተወለደው፤ ተመዝኗል፣ ዓይኑ ቅባት ተቀብቷል፣ ወረቀቱ ላይ «ጤናማ» ተብሎ ተጽፏል። አገላብጦ ያየው ሰው ግን የለም። በመጀመሪያው ቀን ጥቁሩ ሰገራ ወጣ ወይ ብሎ እናቲቱን የጠየቀም የለም። አባትየው «ብርድ መትቶት ነው ብለውን ነበር» አለኝ። በአፍንጫው ቱቦ አስገብቼ፣ ግሉኮስ ሰቅዬ፣ መኪና አስለምኜ ወደ ደብረ ብርሃን ላክሁት። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ሸኖ ሳይደርሱ አረፈ። ሆዱ ላይ ለሰገራው መውጫ ቢከፈትለት ኖሮ፣ ኋላ ደግሞ ዋናው ቀዶ ሕክምና ቢሠራለት፣ ዛሬ በግ ይጠብቅ ነበር። ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ባለፈው ዓመት የላክሽልኝን ያን ትልቅ ጥናት መዝገበ ቃላት ይዤ አንብቤዋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን። በ74 አገሮች፣ በ264 ሆስፒታሎች፣ የሆድና የአንጀት ችግር ይዘው የተወለዱ ሕፃናት ተቆጥረዋል። በሀብታም አገሮች ከመቶው ስድስት የማይሞሉ ሞቱ፤ በድሆቹ አርባ ገደማ። አንጀታቸው ውጭ ሆኖ ከተወለዱትማ በድሃ አገር ከአሥር ዘጠኙ። አባትሽ ቁጥሩን ሳነብለት ብርጭቆውን አስቀመጠ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ፦ የእኔ ልጅ፣ በባና የመጣው፣ ከዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል አልደረሰማ! የተቆጠሩት የደረሱት ናቸው። አየሽ፣ ጥያቄው እዚህ ጋ ነው ያለው።

የራሱን ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው እንዴት እንደሚሆን ራስሽ ነግረሽኛል። ባንግላዴሻዊው ዶክተር ቺስቲ ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ በአንድ ሌሊት ሦስት ሕፃናት በሳንባ ምች ሞቱበት። ከዓመታት በኋላ ለትምህርት ሜልቦርን ሄዶ የሕፃኑን ትንፋሽ በውኃ ውስጥ አረፋ እያስወጣ ሳንባው እንዳይጨማደድ የሚያደርግ መሣሪያ አየ። ሌላው ሰው መሣሪያውን አይቶ ያልፋል። እሱ እነዚያን ሦስት ልጆች ስላልረሳ ዳካ ተመልሶ በሻምፑ ጠርሙስ ሠራው፤ የቱቦውን ጫፍ ውኃ ውስጥ መንከር፣ በቃ። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናት በተለመደው ኦክስጅን ከታከሙ 67 ሕፃናት 10 ሲሞቱ፣ በአረፋው ከታከሙ 79 ግን 3 ብቻ ናቸው የሞቱት። በኋላ በእኛም አገር ሆስፒታሎች ተሞክሯል። ማላዊ ውስጥ ግን ሐኪም በየቀኑ በማይከታተልበት ሆስፒታል ተመሳሳይ ሕክምና በሌላ መሣሪያ ሲሞከር በዚያ የታከሙት ሕፃናት በተለመደው ኦክስጅን ከታከሙት በርክተው ሞቱ። ስለዚህ ጠርሙሱን ብቻ አይተሽ አትደነቂ፤ ጠርሙሱ አጠገብ የቆመው ማን እንደሆነም እይ።

ወደ ማመልከቻው ልመለስ። ስሙ ፌሎውሺፕ የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ክፍል የሆነው ፎጋርቲ ማዕከል የሚሰጠው አሥራ ሁለት ወር ነው፤ ለእንደ አንቺ ያለ ሰው ደግሞ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው እዚሁ አገር ቤት፣ ከዚያና ከዚህ በተመደቡ አማካሪዎች እየተመራ ነው። እኔን ብትጠይቂኝ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ አውሮፕላኑ ይቅርብሽ። የእንግሊዞቹ ደግሞ በሮያል ኮሌጆቻቸው በኩል እስከ ሁለት ዓመት የሚያሠለጥኑት አላቸው፤ እሱ ታካሚ የምታክሚበት እንጂ የምርምር አይደለም። አሜሪካ ሄደሽ ተመራማሪ ብቻ ከሆንሽ ደግሞ ያለ አገራቸው የሕክምና ሥራ ፈቃድ ታካሚ አትነኪም፣ ቀዶ ሕክምናውን ቆመሽ ታያለሽ። ለአንድ ዓመት ቢላዋ ያልያዘ የቀዶ ሐኪም እጅ ምን እንደሚሆን አስቢበት። ደመወዝ የሌለውም አለ፤ ያለ ደመወዝ የሚያሠራሽ ሰው ቢያንስ ጽሑፉ ላይ ስምሽ የት እንደሚሆንና የሰበሰብሽው መረጃ ማን ዘንድ እንደሚቀር አስቀድሞ በጽሑፍ ይስጥሽ። «ስትመጪ እንነጋገራለን» ካሉሽ አትሂጂ።

የዋሱ ነገር አለ። ለስፔሻሊቲ ስትገቢ ውል ስትፈርሚ ደብረ ሲና ያለው አጎትሽ በመምህርነት ደመወዙ ዋስ ሆኖልሻል። ለማንም አይናገርም እንጂ የመሄድሽን ወሬ ከሰማ ጀምሮ ስልክ ያበዛል፤ ስለ በጉ ዋጋ ይጠይቀኝና ይዘጋል። ከመሥሪያ ቤትሽ የጽሑፍ ፈቃድና የአገልግሎት ዘመኑ መራዘሚያ ሳትይዢ እንዳትንቀሳቀሺ። ከዚያ በፊት ራስሽ ደውለሽ አስረጂው፤ እኔ በመሀል አልቆምም።

ጎረቤቶቻችን «የሄደ አይመለስም» ይላሉ። አባትሽ ይቆጣል፤ «የዚህ ከተማ የዩኒቨርሲቲ ጤና ግቢ በስማቸው የተጠራላቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ኤድንብራ ተምረው አልተመለሱም እንዴ?» ይላቸዋል። እኔ አልከራከርም። እኔን የሚያሳስበኝ የሌላ ሰው ጥያቄ ይዘሽ እንዳትመለሺ ነው።

ደብተሩን የጎረቤታችን ልጅ ሐሙስ ያመጣልሻል፤ በሶና ቆሎ አብሮ አለ፣ በሶው ለክፍል ጓደኞችሽም ይበቃል። የማንንም ስም አልጻፍሁበትም፣ የመንደሩን ስም ግን ጽፌአለሁ፤ ስለዚህ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ሳይፈቅድልሽ አንድም መስመር አታውጪ፣ ፎቶ አንስተሽም ለማንም አትላኪ። 23ኛው ገጽ ላይ ሽሮ ፈስሶበታል። እዚያ ያለው ቁጥር 7 ነው፣ 1 እንዳይመስልሽ፤ ሰባት ሰዓት ነው የተጓዙት።

እናትሽ