ለእናቴ፣ ስለ ጎመኑና ስለ ዘይቱ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት እናቴ፣
ጎንደር

እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስንነጋገር፣ ሐኪሙ ክብደት ይቀንሱ ካለዎት ወዲህ ቁርስና እራቱን ትተው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚመገቡ የነገሩኝ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ነገሩ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ይህን ጻፍሁ፤ እኅቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

እማዬ፣ ሐኪሙ ያለዎት እውነት ነው። ከሰውነት ላይ 1 ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ ርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና 4 ኪሎ ያህል ይቀንሳልና፣ ጥቂት እንኳ ቢቀንሱ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲወጡ ዳገቱ ይቀልልዎታል። ነገር ግን በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው በረኃብ ሲከሳ ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይሄዳል፤ ጉልበትን ደግፎ የያዘው ደግሞ ያ ጡንቻ ነው። ስለዚህ የምለምንዎት ማዕዱን እንዲተዉት ሳይሆን ማዕዱ የሚሞላበትን እንዲለውጡት ነው።

ከቅዳሜ ገበያ የሚያመጡት አትክልት ለዚህ ይበቃል። 100 ግራም ቲማቲም 18፣ ጥቅል ጎመን 25፣ ዱባ 26፣ ካሮት 41 ካሎሪ ገደማ ብቻ አላቸው፤ አብዛኛው ክፍላቸው ውኃ ሲሆን አሰርም ስላላቸው፣ ሆድ ይሞላሉ እንጂ አያወፍሩም። ዝኩኒና ቆስጣም እንዲሁ ናቸው። ሰላጣውን ግን በዚህ ክረምት በደንብ ሳይታጠብ ባይበሉት ደስ ይለኛል።

ይህን ሁሉ ጥቅም የሚያጠፋው ዘይቱ ነው፤ ደብዳቤውንም የጻፍሁት ከሁሉ በላይ ስለዚህ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ይህም ግማሽ ኪሎ ከሚጠጋ ጥቅል ጎመን ጋር እኩል ነው። በዐቢይ ጾም መጥቼ ሳለሁ ለአንድ ድስት ጎመን ዘይቱን ከጀሪካኑ በቀጥታ ሲያፈሱ አይቻለሁ። ቅቤ የሌለው ወጥ ዘይቱም ከቀረበት ምን ጣዕም አለው እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ሆኖም ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውኃ ጠብ እያደረጉ ማቁላላትን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በዚያው መንገድ ካበሰሉት በኋላ ለድስቱ በሙሉ ሁለት ማንኪያ ብቻ ለክተው ይጨምሩበት፤ የቀረውን ጣዕም ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ቃሪያው ይሙሉት። እንጀራው ግማሽ ይሁን፣ ጎመኑ እጥፍ ይሁን፤ ምስሩንና ሽሮውን፣ በፍስክ ቀን ደግሞ እንቁላሉን አይተዉ፤ ጡንቻዎን የሚጠብቁልዎት እነሱ ናቸውና።

ከፍራፍሬው ሐብሐብ፣ ፓፓያና ብርቱካን ይመረጣሉ፤ በ100 ግራም 30፣ 43 እና 47 ካሎሪ ገደማ ናቸው። ሙዝ 89፣ አቮካዶ 160 ይደርሳል፤ አቮካዶ መልካም ምግብ ቢሆንም ለእርስዎ ሩቡ ይበቃል። የልጅ ልጅዎ ከፒያሳ የሚያመጣልዎት ጭማቂ ግን ያሳስበኛል፤ በአንዱ ብርጭቆ የብዙ ፍሬ ስኳር ተጠራቅሞ ሳለ ሌላ ስኳር ይጨመርበታል፤ ስለዚህ ፍሬውን ራሱን ያምጣልዎት።

የፍልሰታ 15 ቀን እየመጣ ነው፤ ጾሙን ይተዉ አላልሁም፣ ያንንስ ከነፍስ አባትዎና ከሐኪምዎ ጋር ይመክሩበታል። ከቅዳሴ መልስ ሲገድፉ ግን በተቀቀለ ዱባ ወይም በጎመን ቢጀምሩ እንጀራው ላይ በረኃብ አይደርሱም።

ነሐሴ 10 ቀን እመጣለሁ። ሁለት ማንኪያ ዘይት ያለውን ጎመን እኔ እሠራለሁ፤ ጣዕሙን እርስዎ ይፍረዱ። ጾሙ እስኪገባ ድረስ ግን ቁርስዎን እንዳይተዉብኝ።

አክባሪ ልጅዎ