ሐውልት ስለቆመለት መቺ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? የጉልበትዎ ሕመም ቀለል አለልዎ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው ስልክ ላይ ልጆቹ አጠገቡ ቆመው ፎቶ የተነሱት ሐውልት የማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «የቤዝቦል ተጫዋች ነው» ብዬ አለፍኩት። እርስዎ ግን በዚያ የሚረኩ ሰው አይደሉም። «ምን ቢሠራ ነው ሐውልት የቆመለት?» ላሉት መልሱ በስልክ ስለማያልቅ ይኸው ጻፍኩልዎ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ፍራንክ ሃዋርድ ነው፤ ሲያቆላምጡት «ሆንዶ» ይሉታል። በ1936 ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ ከተማ ተወልዶ፣ በ2023 በ87 ዓመቱ አረፈ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ1 ሳንቲም፣ ክብደቱ በደኅናው ዘመኑ 115 ኪሎ ገደማ ነበር። እዚህ ዋሽንግተን ውስጥ ስሙ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ክንዱ ብርታት ነው። እኔ ግን የእሱ ታላቅነት ያለው ሳይመታ በተዋቸው ኳሶች ላይ ነው ባይ ነኝ። ይህ እንዲገባዎ መጀመሪያ ስለ ጨዋታው ትንሽ ልበል።

በገና ጨዋታ ዓይን ቢያዩት ግማሹን ያውቁታል፤ ዱላና ኳስ ነው። ልዩነቱ የገና ኳስ መሬት ላይ ስትንከባለል የዚህኛዋ በአየር እየተወረወረች መምጣቷ ነው። ወርዋሪው ከመቺው 18 ሜትር ከ44 ሳንቲም ርቆ፣ ከአፈር በተሠራ ጉብታ ላይ ይቆማል። 145 ግራም ገደማ የምትመዝነውን ኳስ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ሲለቃት መቺው ዘንድ ለመድረስ ከግማሽ ሰከንድ በታች ይበቃታል። መቺው ልምታ ወይስ ልተው ብሎ የሚወስነው ኳሷ ገና መንገድ ላይ እያለች ነው። ዱላዋን ያሳለፈ አልፏል፤ መመለስ የለም።

አሁን ሳጥኑን ያስቡ። በዓይን የማይታይ ሳጥን ነው፤ ዳኛው ነው በሐሳቡ የሚስለው። ስፋቱ መሬት ላይ ከተቀመጠችው የ43 ሳንቲም ሰሌዳ ጋር እኩል ነው። ቁመቱ ግን በየሰው ይለያያል፤ ከመቺው ጉልበት አንሥቶ እስከ ደረቱ አካባቢ ነው። ኳሷ በሳጥኑ ውስጥ ካለፈች፣ መቺው ባይነካትም «ስትራይክ» ትባልበታለች፤ ሦስት ከሞላ ይወጣል። ከሳጥኑ ውጭ ካለፈችና ከተዋት «ቦል» ትባልለታለች፤ አራት ከሞላ ምንም ሳይለፋ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሄዳል፤ ቤዝ የሚሉት መቺው ነጥብ ለማስቆጠር በተራ እየነካ የሚዞራቸውን የሜዳውን ማዕዘኖች ነው። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ከሳጥኑ ውጭ ያለችውን ኳስ ሊመታ ሞክሮ ከሳታት ስትራይክ ትቆጠርበታለች። መጥፎ ኳስ ያባረረ መቺ ወርዋሪውን በነጻ እያገለገለ ነው ማለት ነው። ኳሷን በአየር ከሜዳው አጥር አሻግሮ የላካት ደግሞ ሆም ራን ሠርቷል፤ ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ነጥብ ያስቆጥራል።

እንግዲህ የረጅም ሰው ችግር ከዚህ ይነሳል። ቁመቱ ሳጥኑን ያረዝምበታል፤ ሊጠብቀው የሚገባው ቦታ ከሌላው ይበልጣል። ክንዱ ረጅም ሲሆን ዱላው የሚዞረው ሰፊ ክብ ሠርቶ ስለሆነ ቀድሞ መጀመር አለበት። ቀድሞ የጀመረ ሰው ደግሞ ቀድሞ ይታለላል። ወርዋሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ለሃዋርድ የሚሰጡት ስላይደር የተባለችውን ነው፤ ፈጣንና ቀጥ ያለች መስላ መጥታ ዘግይታ ወደ ታችና ወደ ውጭ የምትታጠፍ ኳስ ናት። እሱም ያባርራት ነበር። ወይ ይስታታል፣ ወይ በዱላው ጫፍ ነክቷት መሬት ለመሬት ለተከላካዩ ትንከባለላለች። እግሩ ዘገምተኛ ስለነበር ያ ዓይነት ኳስ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ባንዴ ያስወጣል፤ እሱንና ከፊቱ ቤዝ ላይ የቆመውን ጓደኛውን።

ጅማሬው ግን የሚያስቀና ነው። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሳለ በቅርጫት ኳስም ስመ ጥር ስለነበር በ1958 የፊላደልፊያ ዋርየርስ ክለብ መርጦት ነበር። እሱ ግን የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ለፊርማ ብቻ 108,000 ዶላር ስለሰጡት ወደ ቤዝቦል ሄደ፤ በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። በ1960 በ23 ሆም ራን የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። በ1962 ወደ 31 አደረሰው፤ በምቱም 119 ነጥብ ለቡድኑ አስገባ።

በ1963 የዓለም ዋንጫ በሚሉት የመጨረሻ ፍልሚያ ዶጀርስ ኒውዮርክ ያንኪስን በተከታታይ አራት ጨዋታ አሸንፈዋል። በመጀመሪያው ቀን ሃዋርድ ዋይቲ ፎርድ በተባለው ወርዋሪ ላይ 140 ሜትር ያህል የተጓዘች ኳስ መታ። በአብዛኛው ሜዳ ይህች አጥር ትሻገር ነበር፤ የያንኪ ስታዲየም መሀል ግን እጅግ ጥልቅ ስለሆነ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ብቻ ቆመ። በአራተኛው ጨዋታ በዚያው በፎርድ ላይ ወደ ሁለተኛው ፎቅ መቀመጫ ሆም ራን ላከ፤ ጨዋታውም 2 ለ 1 አለቀ። ዶጀርስ በዚያ ቀን ሁለት ምት ብቻ ነበር ያገኙት፤ ሁለቱም የሃዋርድ ናቸው።

ይህን የሠራ ሰው ግን እዚያው ክለብ ቋሚ ቦታ አልነበረውም። አሰልጣኙ እንደ ወርዋሪው ዓይነት አንዴ ያስገባዋል፣ አንዴ ያስቀምጠዋል። በ1964 የምት ስኬቱ ወደ .226 ወረደ፤ ከአንድ ሺህ ሙከራ 226 ያህሉ ብቻ ተሳካ ማለት ነው። በዲሴምበር 1964 ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ለዋሽንግተን ሴናተርስ ተሰጠ። በዚያ ዘመን ተጫዋች የሚሄድበትን አይመርጥም፤ ክለቡ ይሸጠዋል፣ ይለውጠዋል፣ እሱ ሻንጣውን ያነሳል። ሴናተርስ ደግሞ ደካማ ቡድን ነበሩ።

የሴናተርስ ሜዳ በኋላ አርኤፍኬ የተባለው ስታዲየም ነው። መሀሉ እስከ አጥሩ 125 ሜትር፣ ጎንና ጎኑ 102 ሜትር ገደማ ነበር። የሃዋርድ ኳስ ግን በላይኛው ፎቅ መቀመጫ ላይ ታርፍ ነበርና ያረፈችባቸውን ወንበሮች ነጭ ቀለም ቀቧቸው። ሴናተርስ ከሄዱ ከብዙ ዓመት በኋላም እነዚያ ወንበሮች ከሌሎቹ ተለይተው ይታዩ ነበር።

ወደ 1968 ልምጣ፤ ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ያሸነፈበት ዓመት ነው። በአሜሪካ ቤዝቦል ዘንድ ያ ዓመት የወርዋሪዎች ዓመት ይባላል። በሃዋርድ ሊግ የመቺዎቹ ሁሉ አማካይ .230 ብቻ ነበር፤ ከ.300 በላይ የጨረሰው ካርል ያስትረምስኪ ብቻ ነው፣ እሱም በ.301። ሃዋርድ በዚያ ድርቅ ውስጥ 44 ሆም ራን መትቶ ሊጉን መራ። በሜይ ወር በስድስት ጨዋታ አሥር ሆም ራን ሠራ፤ ይህን ለማድረግ የፈጀው ሃያ ሙከራ ብቻ ነው።

ያም ሆኖ ቁጥሩን ገልበጥ አድርገው ይዩት። በዚያ ዓመት 141 ጊዜ በሦስት ስትራይክ ወጥቷል፤ በአራት ቦል ወደ ቤዝ የሄደው ግን 54 ጊዜ ብቻ ነው። እንዲህ የሚያስፈራ መቺ ላይ ማንም ወርዋሪ ጥሩ ኳስ መወርወር አይፈልግም፤ ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ ከዚያ የበለጠ ቦል ያገኝ ነበር። ሃዋርድ ግን መጥፎዎቹን ራሱ እየተከተለ ሊመታ ይሞክር ነበር።

በ1969 ቴድ ዊልያምስ የሴናተርስ አሰልጣኝ ሆኖ መጣ። ዊልያምስ በ1941 .406 የመታ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዛሬም ባሉት ሁለቱ ትልልቅ ሊጎች ሙሉ ዓመት .400 የደረሰ የለም። ሃዋርድን የጠየቀውም ይህንኑ ነው፤ ይህን ሁሉ ሆም ራን የመታ ሰው ቦል ያነሰው ስለምንድን ነው? ምክሩ ቀላል ነበር። የመጀመሪያዋ ኳስ አስቸጋሪ ቦታ ላይ ከመጣች፣ ወይም ከታጠፈችና ካታለለችህ፣ ስትራይክ ብትሆንም ተዋት። አንድ ስትራይክ አያስወጣህም። ከዚያ በኋላ ግን የወርዋሪው ኳስ ምን እንደምትመስል አይተሃል፤ እሱም ቦል እንዳይበዛበት ሲል ወደ ሳጥኑ መሀል መምጣት አለበት። ያኔ ምታ።

ውጤቱ ይኸው፤ በአራት ቦል የሄደው ከ54 ወደ 102 ወጣ። በሦስት ስትራይክ የወጣው ከ141 ወደ 96 ወረደ። ሆም ራኑ ደግሞ 48 ደረሰ፣ የምት ስኬቱም .296። ሊጉን ያልመራው ሃርመን ኪልብሩ 49 ስለመታ ብቻ ነው። ቡድኑም 86 አሸንፎ 76 ተሸነፈ፤ እነዚህ ሴናተርስ ዋሽንግተን ውስጥ ካሸነፉት በላይ ያልተሸነፉበት ብቸኛ ዓመት ያ ነው።

እርስዎ «ሁሉም በአሰልጣኙ ምክር ነው?» ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ሁሉም አይደለም። በዚያው ዓመት ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ ከ38 ሳንቲም ወደ 25 ሳንቲም ዝቅ ተደረገ፤ ወርዋሪው ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል ሲለቃት የምታገኘው ኃይልና ማዘቅዘቅ ቀነሰ። ሳጥኑም ጠበበ፤ ላይኛው ወሰን ከትከሻ ወደ ብብት ወረደ፣ ታችኛውም ወደ ጉልበት አናት ከፍ አለ። ይህ ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው ረጅሙን ሰው ነው። በዚያ ላይ ሊጉ ሁለት አዲስ ክለብ ስለጨመረ ልምድ የሌላቸው ወርዋሪዎች በዙ። ቢሆንም የሊጉ አማካይ ከ.230 ወደ .246 ብቻ ነው ከፍ ያለው። የሃዋርድ ቦል በእጥፍ ሊጠጋ የቻለው ሰውየው ራሱ ስለተለወጠ ነው። ማስረጃዬ ቀጣዩ ዓመት ነው፤ በ1970 በአራት ቦል 132 ጊዜ ሄደ፣ 44 ሆም ራን መታ፣ 126 ነጥብ አስገባ፤ በሦስቱም ሊጉን መራ። ያኔ ዕድሜው 34 ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ጀመረ፤ ለመቺ ገና ትምህርት የሚጀመርበት ዕድሜ አይደለም።

ፍጻሜው ፈጣን ነው። የክለቡ ባለቤት ቡድኑን ወደ ቴክሳስ ሊወስድ ወሰነ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1971 የመጨረሻውን ጨዋታ ከያንኪስ ጋር ሲጫወቱ ሃዋርድ በስድስተኛው ዙር ሆም ራን መታ፤ ሕዝቡም በጭብጨባ አላስቀምጥ አለው። ሴናተርስ 7 ለ 5 እየመሩ፣ ጨዋታውን ለመጨረስ አንድ ሰው ብቻ ማስወጣት ሲቀራቸው፣ የተቆጣው ተመልካች ሜዳውን ወረረው። ዳኞቹ ጨዋታውን አቁመው ለያንኪስ 9 ለ 0 ፈረዱ። ዋሽንግተን በዚህ ሁኔታ ለ33 ዓመት ያለ ቡድን ቀረች። የሃዋርድ ሆም ራን ግን ተመዝግቧል፤ እንዲህ በተቋረጠ ጨዋታ ውጤቱ ቢለወጥም በሕጉ ላይ የተወሰነው ዙር ካለፈ የተጫዋቹ ሥራ አይሰረዝም።

በ1972 በአዲሱ የቴክሳስ ሜዳ የመጀመሪያውን ሆም ራን የመታው እሱ ነው፤ በዚያው ዓመት ለዲትሮይት ተሸጠ፣ በ1973ም እዚያው ጨረሰ። በ1974 ጃፓን ሄዶ ወዲያው ጉልበቱ ተጎዳና መጫወት አቆመ። በኋላ ሳን ዲዬጎንና ኒውዮርክ ሜትስን አሰልጥኗል፤ ብዙም አልተሳካለትም።

ጠቅላላው 382 ሆም ራን፣ 1,119 ነጥብና 1,460 ጊዜ በሦስት ስትራይክ መውጣት ነው። ኒውዮርክ ግዛት ኩፐርስታውን በተባለች ከተማ ባለው የቤዝቦል ታላላቆች መዝገብ ውስጥ አልገባም። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመግባትና በመውጣት ባከኑ፣ ምርጦቹ ዓመታት የመጡት ወርዋሪ በነገሠበት ዘመን ነው፣ መተውን የሚያስተምረው ሰው ደግሞ ያገኘው በ32 ዓመቱ። በተከላካይነቱም ዘገምተኛ ስለነበር በምቱ ያተረፈውን ከፊሉን በግራ ሜዳ ይከስራል። የመዝገቡ መራጮች አልተሳሳቱም እላለሁ፤ የከተማውም ሰው ሐውልት ማቆሙ ትክክል ነው፣ የሁለቱ ሚዛን ለየቅል ነውና።

መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ። ለእናቴ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ያልገባዎት ቦታ ካለ ምልክት ያድርጉበትና እሑድ ስደውል ይጠይቁኝ።

ልጅዎ