ጌጁን ብቻ አትጠይቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ክረምቱ ሲወጣ በደሴም በኮምቦልቻም የቤት ክዳን ሥራ ይደራል። ገዢ ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ግን "ስንት ጌጅ ነው?" ብቻ ነው። ጌጅ የቆርቆሮውን ውፍረት ይናገራል፤ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው በላዩ ያለው ዚንክ ነው። ዜድ 275 የሚባለው ቆርቆሮ በሁለቱ ገጽ ተደምሮ በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ አለው፤ በአንድ ወገን 20 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ገደማ ማለት ነው። ዜድ 100 ደግሞ 7 ማይክሮን ብቻ። አዲስ ሲሆኑ ሁለቱም እኩል ያብረቀርቃሉና በዓይን አይለዩም፤ ነጋዴውን የፋብሪካውን ጽሑፍ አሳየኝ ማለት ነው።

ዚንክ ከብረት ቀድሞ ስለሚበላ፣ ምስማር የጫረው ቦታ እንኳ ቶሎ አይዝግም። ይህን ጥቅም የሚያጠፋው አሠራራችን ነው። ቆርቆሮ በግራይንደር ሲቆረጥ የሚፈናጠረው ትኩስ ብረት ልባሱ ላይ ይጣበቅና ጥቂት ዝናብ ሲያገኝ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። በመቀስ ይቆረጥ። እርጥብ ሲሚንቶና ኖራም ዚንክን ይበላሉ፤ የፈሰሰ ካለ ሳይደርቅ በውሃ ይታጠብ።

በደሴ ጉም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ተደራርቦ የተቀመጠ ቆርቆሮ መሃል ውሃ ከገባ፣ ዚንኩ መከላከያ ሽፋኑን የሚሠራበት አየር ስለማያገኝ ነጭ ዱቄት እያወጣ ያልቃል። ከመሬት ከፍ አድርጎ በእንጨት ላይ፣ አንዱን ጫፍ አዘንብሎ ማስቀመጥ ይበቃል።

የዛገውን "ሲልቨር" ቀብቶ ዳነ ማለትም ልማድ ሆኗል። ሲልቨር ቀለም የአሉሚኒየም ብናኝ ነው፤ ይሸፍናል እንጂ እንደ ዚንክ ቀድሞ አይበላም። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ዚንክ የበዛበት ፕራይመር (የመጀመሪያ ድርብ ቀለም) ይቀባ።

በያጆችን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይተናል፤ የብየዳው ሙቀት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የዚንክ ልባስ ያለው ቧንቧ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ማታ ላይ፣ ብርድ ብርድ የሚልና የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል፤ ወባ የሚመስለው አለ። ወተት መጠጣት ጭሱን ከሳንባ አያወጣም። ከመበየድ በፊት ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ልባሱን መፋቅ (ለመፋቂያም አፍንጫና አፍ ይሸፈን)፣ ከዚያ ደጅ ወጥቶ ነፋሱ ጭሱን ከፊት እንዲወስድ ጎን ሰጥቶ መበየድ ነው። የተፋቀው ቦታም ሲቀዘቅዝ በዚያው ፕራይመር ይሸፈን፤ አለዚያ ቧንቧው መጀመሪያ የሚዝገው እዚያ ላይ ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ