የቤት ቁጥር ያለው ወሬ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ጉልበቴ ብርድ ሲነካው ከሚያስቸግረኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አክስትሽም ሰላም ብላሻለች። ባለፈው ስለምትለጥፊው ቪዲዮ በስልክ ስንነጋገር ተቆጣሁ፤ አንቺም «አባዬ፣ ዘመኑ አልገባህም» ብለሽ ዘጋሽብኝ። በወረቀት የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው። ደብዳቤ ቢያንስ መሐል ላይ አይዘጋም።

ዘመኑ የገባኝን ያህል ልንገርሽ። የፕሬስ ዐዋጁ በ1985 ዓ.ም. ወጥቶ የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ ክረምት እንጉዳይ ሲፈላ ነው ጋዜጣ መሸጥና ማከራየት የጀመርኩት። አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም ሳልርቅ ስለምቀመጥ ጋዜጣው ቀለሙ ሳይደርቅ እጄ ይገባ ነበር። መግዛት ያቃተው በሳንቲም ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንብቦ ይመልሳል። አንድን ጋዜጣ በቀን ሃያ ሰው ያነበዋል። አሳታሚዎች አይወዱንም ነበር፤ አይፈረድባቸውም፤ ሃያ ጊዜ ያከራየውን አጣጥፎ «ተመላሽ» ብሎ የሚያስረክብ በመካከላችን ነበርና። እኔም አንድ ሁለቴ አድርጌዋለሁ። ይኸው ለልጄ ተናዘዝኩ።

ደንበኞቼ በብዛት የሚያነቡት ፖለቲካ እንዳይመስልሽ። ክፍት የሥራ ቦታ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች እስክሪብቶና ቁራጭ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ የሚፈለገውን የትምህርት ደረጃና የመመዝገቢያውን ቦታ ገልብጠው ይሄዳሉ። ያ ሁሉ ማስታወቂያ ዛሬ ቴሌግራም ላይ በነፃ ይገኛል። ጋዜጣ የሚኖረው ደግሞ በማስታወቂያ ነው። በላዩ ላይ የወረቀቱ ዋጋ ጨመረ። ዜና በስልክ ስለመጣ ብቻ ጋዜጣ ተዳከመ የሚሉ ሰዎች እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አያውቁም።

አሁን ስለ አንድ ሰው ላጫውትሽ። በነዚያ ጋዜጦች በአንዱ ገጽ ጥግ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የአዘጋጁ ስም፣ ወረዳ፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ይታተም ነበር። ማንም አያነበውም። አንድ ቀን አንድ አናጢ መጣ፤ ፎቶግራፉ ከሌላ ሰው ስም ጋር፣ በስርቆት ተጠርጣሪ ተብሎ ወጥቷል። እጁ እየተንቀጠቀጠ ጋዜጣውን ገዛ፤ አልተከራየም። የቤት ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጻፈና ሄደ። እዚያ ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም። በሁለተኛው ሳምንት ግን «ማረሚያ» የምትል ሦስት መስመር ወጣች። ያን እትም አምስት ቅጂ ገዝቶ ሄደ።

ያው አድራሻ ለፖሊስም ይመቸው እንደነበር አልክድሽም። ከ1997 ምርጫ በኋላ አዘጋጆች ሲታሰሩና ጋዜጦች ሲዘጉ፣ እኔ ፊት የሚደረደረው ወረቀት በአንድ ጊዜ ሳሳ። ስለዚህ ስሙን ደብቆ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ፈሪ ነው አልልም። ምክንያት ያለው አለ።

አንቺ ባለፈው ዓመት መጋቢት ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የቀረጽሽውን ቪዲዮ እስካሁን የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ እያስከፈትኩ አየዋለሁ። ዜናው ስለ ኮሪደር ልማቱ፣ ስለ መንገዱ ስፋትና ስለ ምትክ ቤቱ ይናገር ነበር፤ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን የሰፈራችን ሴቶች ምጣዳቸውን ተሸክመው ሲወጡ፣ ማዶ ያሉት ሽማግሌ የበሩን ቁልፍ ለማን እንደሚሰጡ ጨንቋቸው ቆመው ሲቀሩ፣ ያን ያሳየሽው አንቺ ነሽ። መጀመሪያ ስምሽን ተናገርሽ፤ ቀኑን ተናገርሽ፤ «የተወለድኩበት ቤት ነው» አልሽ። ከዚያ ስልክሽን በራችን ላይ ወደተቸነከረችው የቤት ቁጥር አስጠጋሽና ዝም አልሽ። እኔ በዚያ በር ስገባና ስወጣ ያችን ቆርቆሮ አይቻት አላውቅም ነበር። አክስትሽ ጓሮ ከገባሁ በኋላ መታወቂያ ላሳድስ ብሄድ፣ ጸሐፊዋ የቤት ቁጥር በሚለው ቦታ ላይ «አዲስ» ብላ ሞላችልኝ። በዚህ ዕድሜዬ!

ያን ቪዲዮ አንድ ጣቢያ ቆርጦ፣ «በማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ» ብሎ፣ ስምሽን ሳይጠራ ሲያሳየው እንዴት እንደተናደድሽ ትዝ ይልሻል? እውነትሽን ነበር። ቴሌቪዥኑ ዛሬ ከሰው ስልክ የተገኘ ምስል ሳያሳይ አያመሽም፤ የቀረጸውን ሰው ስም መጥራት ግን አለመደም።

የዚያችን የአሜሪካ ልጅ ታሪክ የነገርሽኝም ያን ጊዜ ነው። ዳርኔላ ፍሬዘር፣ የ17 ዓመት ልጅ። በ2020 እ.ኤ.አ. የሚኒያፖሊስ ከተማ ፖሊስ፣ ጆርጅ ፍሎይድ የተባለ ሰው በጤና እክል እንደሞተ የሚያስመስል መግለጫ አወጣ፤ የእርሷ ስልክ ግን የፖሊሱን ጉልበት አንገቱ ላይ አሳየ። በዓመቱ ጋዜጠኞችን የሚሸልመው የፑሊትዘር ሽልማት ቦርድ ልዩ ክብር ሰጣት። «አየህ አባዬ፣ ጋዜጠኛ አይደለችም» አልሽኝ። አየሁ። እኔን የገረመኝ ሌላው ነገር ነው፤ ልጅቱ በገዛ ስሟ ለጠፈችው፤ ኋላም ፍርድ ቤት ቀርባ ያየችውን መሰከረች።

ወደ ተጣላንበት ልምጣ። መስከረም 26 እሑድ ማታ፣ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ርዕደ መሬት እዚህ ድረስ ሲደርስ፣ እኔ ያወቅኩት ስኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ሲንቀጫቀጩ ነው። ሬዲዮ ከፈትኩ፤ ሙዚቃ ነው። የጎረቤት ልጅ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣና ከሬዲዮው ቀድሞ ነገረኝ። እዚህ ላይ ለእናንተ ምስጋና ይገባል። ቀጥሎ ያሳየኝ ግን አንድ ቪዲዮ ነበር። ስም የለበትም። ድምፁን ግን ከመቶ ሰው መካከል እለየዋለሁ።

ደረጃውን የሚወርዱት ሰዎች እውነት ናቸው። በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ሕፃንም እውነት ነው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለው ስንጥቅ ይመጣል፤ ከሥሩ «ሕንፃው እየተሰነጠቀ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ልጄ፣ ያን ስንጥቅ ባለፈው ፋሲካ ልጠይቅሽ ስመጣ በጣቴ ያሳየሁሽ እኔ ነኝ። «ልስኑ ነው፣ ምንም አይደለም» ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

ዋሽተሻል አልልም። ደንግጠሻል፤ በድንጋጤ ዐይን ሲታይ የቆየ ስንጥቅም አዲስ ይመስላል። ጋዜጣ ቤት ቢሆን ግን በአንቺ ድንጋጤና በማተሚያው መካከል አንድ ነጭናጫ አራሚ ይቀመጥ ነበር፤ «ይህ መቼ ተሰነጠቀ? ማን አለ?» የሚል። አንቺ ዘንድ ያ ሰው የለም። ሰዎቹ ከደረጃው ሳይወርዱ ወሬው ከተማውን ዞሮ ተመለሰ። ከአንቺ በታች የሚኖሩት እናት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሦስት ሌሊት ደጅ አደሩ፤ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ማን እንደጻፈው አያውቁም። እኔም አፌን ያዝኩ፤ አፈርኩ።

ርዕደ መሬት የሚመዘግበው የዩኒቨርሲቲው ተቋም ያለው አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ነው። ለእኔ ድንጋይ ጎረቤት ነው ማለት ይቻላል፤ አንቺ ካለሽበት ከቀበናም በእግር ይደረሳል። ማታውኑ ሂጂ አልልሽም። በማግሥቱስ?

ሕጉን እንዳትረሺ ደግሞ። ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሰራጨን ሐሰተኛ መረጃ በጋዜጣና በብሮድካስት ከሚሰራጨው እኩል ያያል፤ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ይደርሳል። ያንቺ ገጽ ከዚያ ቁጥር ካለፈ ቆይቷል። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሕግ በማን ላይ እንደሚመዘዝ ብዙ ዓመት አይቻለሁና እኔም አልወደውም። ብቻ መንግሥት እንኳ ስልክሽን እንደ ጋዜጣ ቆጥሮታል፤ የቆጠርሽው ያልመሰለኝ አንቺ ነሽ።

በአራተኛው ቀን ቪዲዮው ጠፋ። «አጥፍቼዋለሁ እኮ፣ ምን ቀረ?» አልሽኝ። ድምፄን ከፍ ያደረግኩት እዚያ ላይ ነው። ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም፤ ያ አናጢ መጥቶብኝ ነው። ጋዜጣው ያን እትም ከየመንደሩ ሰብስቦ ቢያቃጥለው ኖሮ ለሰውዬው ምን ይፈይድለት ነበር? ያዩት ሰዎች አይተውታል። እነዚያ እናትም ዛሬ ከፎቃቸው ሲወጡና ሲወርዱ ያን ግድግዳ እየዳበሱ ነው።

ስለዚህ ማረሚያውን እኔ አረቀቅኩልሽ፤ ቋንቋውን እንደፈለግሽ አስተካክይው።

«መስከረም 26 ማታ በለጠፍኩት ቪዲዮ ላይ የሚታየው ስንጥቅ ከርዕደ መሬቱ በፊት የነበረ ነው። የቀረጽኩትም የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ስሜ፦»

ስሙን ክፍት ትቼዋለሁ። ከለጠፍሽው በኋላ ለእነዚያ እናት ወርደሽ በቃልሽ ንገሪያቸው፤ ስልክ የላቸውም። ቅዳሜ አክስትሽ ሽሮ ትሠራለች፤ ነይ። የጸሎት መጽሐፌን የምትሸፍንልኝ ላስቲክ ካገኘሽ ይዘሽልኝ ነይ።

አባትሽ፣
ስድስት ኪሎ፣ አክስትሽ ግቢ
የቤት ቁጥር፦ አዲስ