ጉርምስና ሁሉ በሽታ ነው እንዴ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ወላጆች ስንገናኝ ወሬያችን ሁሉ የልጆች ጠባይ ሆኗል። የ15 ዓመት ልጅ በሩን ዘግቶ ከዋለና እናቱን ከተቆጣ፣ አንዷ «ጠበል ውሰጂው» ትላለች፤ ሌላዋ «ዲፕሬሽን ነው፣ ሐኪም ይየው»። ሁለቱም ልጁን አስቀድመው በሽተኛ አድርገውታል።

ጉርምስናን እንደ ማዕበል የማየቱን ሐሳብ ያስፋፋው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ስታንሊ ሆል ነው፣ በ1904 እ.ኤ.አ.። በእኛ ገጠር ግን በዚያ ዕድሜ ወንዱ ሞፈር ይጨብጥ፣ ሴቷ ትዳር ትይዝ ነበር፤ ለመጎርመስ ጊዜውስ የት ተገኝቶ! (ያለዕድሜ ጋብቻ ይመለስ ማለቴ አይደለም፤ ስንቷን ለፌስቱላ ዳርጓል።) የዛሬው ልጅ ጉልበት አለው፣ ኃላፊነት ግን አልተሰጠውም።

ጠዋት አልነሳ ማለቱም ሕመም ላይሆን ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን ማታ ዘግይቶ ነው የሚመነጨው።

በእርግጥ ብዙ የአእምሮ ሕመሞች የሚጀምሩት በዚሁ ዕድሜ ነው። ልጁ ለሳምንታት ምግብ ከዘጋው፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ስለ ሞት ካወራ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ። ትምህርት ቤቶችም በወላጆች ስብሰባ ከውጤት ሌላ ስለዚህ ቢያወያዩን ጥሩ ነበር።

አንዲት እናት፣ ከጎንደር