አባዬ፣ ስድስት ኪሎ እንሂድ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎ? እማዬስ ደህና ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ከፋሲካ በኋላ ለዓይንዎ ሕክምና እንደሚመጡ ወንድሜ ነገረኝ። በጣም ደስ አለኝ። «ሐኪም አይቶኝ ልመለስ፤ ሐውልት ምናምን እያላችሁ እንዳታዞሩኝ» ማለትዎንም ሰማሁ። ምክንያትዎን አውቀዋለሁ። አያቴ የበላይ ዘለቀ ሰው ነበሩ። አምስቱን ዓመት ለጣልያን አልገዛም ብሎ በረሃ ለበረሃ ሲዋጋ የኖረው በላይ፣ አባ ኮስትር፣ አገር ነጻ ከወጣ በኋላ በ1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። «ጠላት ያልያዘውን ወገን ሰቀለው» እያሉ ነው ያሳደጉን። እኔንም ያንገበግበኛል። ግን አባዬ፣ እኛ ከተኮረፍን እዚህ ያለውን የእኛን ድርሻ ማን ይናገርልናል?

አራት ኪሎ ያለውን የድል ሐውልት ይውሰዱ። ንጉሡ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ የገቡት በየት በኩል ነው? በኦሜድላ ገብተው፣ ጎጃምን አቋርጠው፣ ደብረ ማርቆስ ደርሰው፣ ዓባይን ተሻግረው አይደል? የጎጃም አርበኛ ጠላትን መውጫ መግቢያ ባያሳጣው ያ መንገድ እንዲህ ይከፈት ነበር? በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የእናንተ አገር ሰው ነው የሚታየኝ።

ጊዮርጊስ ጋ ያለው የምኒልክ ሐውልት የቆመው በ1923 ነው። ጣልያን ከተማዋን እንደያዘ ነቅሎ ቀበረው፤ ዐድዋን የሚያስታውስ ነገር ዓይኑ ሥር እንዲቆም አልፈለገም። ከድሉ በኋላ ከጉድጓድ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። ዛሬ በዚህ ሐውልት ዙሪያ ሰው ይከራከራል፣ የካቲት 23 ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። እኔ ዐድዋን ለአንድ ሰው ብቻ አልሰጥም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ዘምተዋል። በ2016 የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያም እዚያው ፒያሳ ነው። ሰፊ ስለሆነ ጉልበትዎ ከፈቀደ እንገባለን። የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልትም በዚያው እንሳለማለን። ለባቡር መንገድ ሥራ ብለው በ2005 አንስተዋቸው ነበር፤ በ2008 ተመልሰዋል።

አደራዬ ግን ስድስት ኪሎ ያለው የሰማዕታት ሐውልት ነው። ሌላው ቢቀር እሱ አይቅርብን።

የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣልያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦንብ የወረወሩት እዚያው ማዶ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ታረደ። ሰዉ ከነቤቱ ተቃጠለ። ሐውልቱ ላይ የነሐስ ቅርጾች አሉ። ቀረብ ብለው ሲያዩት የወደቀ ሰው፣ የሚያለቅስ ሰው ነው። ንጉሥ ወይም ራስ ስለነበሩ አይደለም እዚያ የተቀረጹት። ስማቸው አይታወቅም። ጎጃሜ ይሁን ሸዌ፣ ኦሮሞ ይሁን ጉራጌ ከፊታቸው አይለይም። የገደላቸውም አልጠየቃቸውም። ኢትዮጵያዊነት ምንድን ነው ሲሉኝ ከፈረሰኛው ሐውልት ይልቅ ይሄ ነው የሚመልስልኝ።

በየዓመቱ የካቲት 12 ሲታሰብ አርበኞች ጎፈራቸውን ደፍተው፣ ሜዳሊያቸውን ደረታቸው ላይ ደርድረው ይመጣሉ። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ለልጅ ሰጥተው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ወታደራዊ ሰላምታ ሲሰጡ አየሁ። ልጁ ከጎን በክንዳቸው ደግፏቸዋል። የአበባ ጉንጉኑ እስኪቀመጥ ድረስ እጃቸውን አላወረዱም። እንባዬ መጣ።

የበላይን ነገር አልተውኩትም። አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ መንገድ አለ። ለእኔ ግን መንገድ አይበቃም። የሰቀለችው ከተማ ራሷ መሀል አደባባይ ላይ ታቁመው፤ መሰቀሉም ሳይደበቅ እዚያው ይጻፍ። ይህን የምለው ጎጃም ስለተወለድኩ ብቻ አይደለም። አገር ድሏን ብቻ ቀርጻ በደሏን ከደበቀች፣ ልጆቿ ግማሹን ታሪክ ከኩርፊያ ነው የሚማሩት። እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩት።

ስለዚህ የአያቴን ሜዳሊያ ከሳጥን አውጥተው ይዘው ይምጡ። የት የት እንደተዋጉ፣ እነማን አብረዋቸው እንደነበሩ ለልጄ ይንገሯት፤ በስልኳ ትቀዳዎታለች። ሐኪም ቤት በጠዋት እንጨርስና ከሰዓት በኋላ እንሄዳለን። መነኸሪያ ድረስ መጥቼ እቀበልዎታለሁ፤ ሲነሱ ብቻ ያስደውሉልኝ። ጋቢዎን አይርሱ፤ ማታ ማታ ይበርዳል።

ልጅዎ